ተጽፎ በመጣ ቃለ ጉባኤ ላይ መፈረም ታዛዥነት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአጥቢያችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። አስተዳዳሪያችን በጠባያቸው እጅግ ትሑት ናቸው፤ ለሕፃን እንኳ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የክብር ወንበርም አይወዱም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሱቆች ለማን እንደተከራዩ፣ የአጥሩ ሥራ ለማን እንደተሰጠ የምንሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ተራ በተራ እንፈርማለን። ለምን ብዬ ብጠይቅ አንድ ሽማግሌ «አባትን መጠየቅ ትዕቢት ነው» አሉኝ። በእርግጥ ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ ኃጢአት አይደለም። ስለ አስተዳዳሪዎ መልካምነት የጻፉትንም አልጠራጠርም። ሰው በጠባዩ ትሑት ሆኖ በአሠራሩ ግን ብቻውን ወሳኝ ሊሆን ይችላል። በጸሎተ ሐሙስ አባቶቻችን የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በዚያ ዕለት ዝቅ ማለት ብዙም አይከብድም፤ ሥርዓቱ ራሱ ያግዛል። የሚከብደው በኪራይ ውል ላይ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ደግመው ያንብቡ። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱ ብለው አንጎራጎሩ። ጉዳዩ እንጀራ ነበር፤ አንጎራጓሪዎቹም ጌታ ራሱ በመረጣቸው ሐዋርያት ፊት ቆመው ነበር። አሥራ ሁለቱ ግን «እኛን የሾመን ጌታ ነው፣ ዝም በሉ» አላሉም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስሞች ልብ ይበሉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና እያሉ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። አደራው ቅሬታ ላቀረበው ወገን ተሰጠ ማለት ነው። ይህም ሆኖ የሐዋርያት ሥልጣን አልተነካም፤ ሕዝቡ መረጠ፣ እጃቸውን ጭነው የሾሙት ሐዋርያት ናቸው።

በአሕዛብ መገረዝ ጉዳይም በኢየሩሳሌም ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፣ ያዕቆብ ፍርዱን ሰጠ። በአንጾኪያም ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን ታከብራለች። በ3ኛው መቶ ዘመን የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ፣ ከሹመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያለ ካህናቱ ምክርና ያለ ሕዝቡ ፈቃድ በራሱ አሳብ ብቻ ምንም ላለማድረግ መወሰኑን ለካህናቱ ጽፏል።

ሽማግሌው «ለዋኖቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን የዕብራውያን መልእክት አስበው ይሆናል። ያው ቃል ዋኖቹ ስለ ነፍሳችሁ መልስ የሚሰጡ መሆናቸውንም ይናገራል። መልስ የሚሰጥ አባት የሚጠይቀውን ልጅ ሊፈራ አይገባውም።

እርግጥ ሁሉም ነገር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ሃይማኖትና ምሥጢራት የሰበካ ጉባኤ አጀንዳ አይደሉም። የሱቅ ኪራይና የአጥር ግንባታ ግን የጉባኤው ሥራ ናቸው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀመጠው አብረው እንዲመክሩ እንጂ ለፊርማ ብቻ አይደለም።

አሁን ስለ እርስዎ ልናገር፤ ባልመከሩበት ነገር ላይ «ተስማምተናል» ብሎ መፈረም በሐሰት መመስከር ነው። በደጀ ሰላሙ ከማንጎራጎር ይልቅ አስቀድመው ብቻዎን ወደ አስተዳዳሪው ይሂዱ። ጉልበት ስመው፣ የስብሰባው አጀንዳ አስቀድሞ እንዲነገር፣ የኪራይ ውሎቹም በጉባኤው ፊት እንዲነበቡ ይለምኑ። ብዙ አባቶች ብቻቸውን የሚወስኑት ሥልጣን ወድደው ሳይሆን ማንም ሸክሙን ስላልተጋራቸው ነው። ሙሴም ብቻውን ሲፈርድ የዋለው ሕዝቡን ንቆ አልነበረም፤ አማቱ ዮቶር «ትደክማለህ» ባለው ጊዜ ግን ምክሩን ሰማ። እርስዎም የውሉን ሰነድ አንብቦ የማዘጋጀቱን ሥራ እኔ ልያዘው ይበሉ። ካልተቀበሉዎት በጉባኤው ላይ በግልጥ ይናገሩ፤ የተቃውሞ አሳብዎም በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ።