ሳሙና የማያስለቅቀው የውሃ ነጠብጣብ

ጥያቄ፦ ጥቁር መኪናዬን ግቢ ውስጥ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ። ሲደርቅ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ነጫጭ ቀለበቶች ይቀራሉ። በሳሙና ደጋግሜ ባሽም አልለቀቁም። በጥርስ ሳሙና ፈግፍገው የሚሉኝ አሉ፤ ልሞክረው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የጥርስ ሳሙናውን ይተዉት። ውስጡ የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት ስላለው ጥቁር ቀለም ላይ ጭረት ነው የሚያተርፈው።

የድሬዳዋ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና ኮፈኑ ላይ ያለው ቀለበት አንድ ናቸው፦ ውሃው ሲተን የሚቀሩት ካልሲየምና ማግኒዥየም። ሳሙና ቅባትና አቧራ ያነሳል እንጂ ማዕድን አያሟሟም። የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የወጥ ቤት ነጭ አቼቶ ይበቃል።

መኪናውን ጥላ ውስጥ ያቁሙና ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠብቁ። መጀመሪያ በመኪና ሻምፖ ይጠቡት፤ አቧራ ላይ ጨርቅ ማሸት ቀለሙን ይቧጭረዋል። ከዚያ 5 በመቶ አቼቶ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቅሉ። የተጣራ ውሃ የምንለው ባትሪ ላይ የሚጨመረውን ነው፤ የባትሪ አሲዱን እንዳይገዙ አደራ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ በድብልቁ ነክረው ቀለበቶቹ ላይ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያሳርፉት። አንድ ጊዜ ላይ ከግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሰፋ ቦታ አይያዙ፣ ድብልቁ ከደረቀ ራሱ ሌላ ጠባሳ ይተዋልና። ሳይጫኑ ይጥረጉ፣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ፣ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ያድርቁ። ቀለሙ ተልጦ ብረት የታየበትን ቦታ አያስነኩት፤ ዝገት ያፋጥናል።

ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልለቀቀ በጣትዎ ጫፍ ይዳብሱት። ከሻከረ ማዕድኑ ገና ላዩ ላይ ነው፤ እንደ ሊጥ የሚለሰልሰው ክሌይ ባር ሻምፖ ባለው ውሃ እያረጠቡ ቢያንሸራትቱት ይነቅለዋል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣሉት፤ አሸዋ ይዞ ይነሳል።

ለስልሶ ሳለ ቀለበቱ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይ ያጋለው ጠብታ ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን በልቶ ሰርጉዶታል። ለተሰረጎደ ቦታ አቼቶ ምንም አያደርግለትም፤ መፍትሔው ዙሪያውን በደቃቅ ፖሊሽ እስከ ስርጉዱ ማውረድ ነው። እዚህ ላይ እንለምንዎታለን፣ ይጠንቀቁ፤ ያ ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከእሱ ይቀንሳል። መዳፍ በምታህል ቦታ ሞክረው ሁለት ዙር ካላጠፋው ያቁሙ። የደበዘዘ ቀለበት ሽፋኑ ካለቀበት ኮፈን ይሻላል።

ሲጨርሱ የመኪና ሰም ይቀቡት፤ አቼቶው የነበረውን አዳክሞታል። ከእንግዲህም ካጠቡ በኋላ መኪናው በራሱ እስኪደርቅ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬን የፊት መስታወት ላቫጆ አሳጥቤም በአቼቶ አጽድቼም ነጠብጣቡ አልሄደም። ለምን? (ከአዳማ)

መልስ፦ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ሲሊካ ይበዛል። ሲሊካ የመስታወቱ የራሱ ዘር ስለሆነ አቼቶ አያሟሟውም። የመስታወት ፖሊሽ ሲገዙ ሴሪየም ኦክሳይድ (መስታወት የሚወለወልበት ደቃቅ ዱቄት) ያለበትን ይጠይቁ፤ እያረጠቡ በስፖንጅ ይሹት። ቀለምና ፕላስቲክ እንዳይነካ ዙሪያውን በፕላስተር ይሸፍኑ።