የሜዲኬር ክፍያ ለከበዳቸው ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው እስኪፈላ የእናቶችንና የአባቶችን ፖስታ እየከፈትኩ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች የምችለውን መልሻለሁ። ቁጥሮቹ በፈረንጆች የ2025 ናቸው፤ በየዓመቱ ስለሚለወጡ ስታመለክቱ የዓመቱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጡረታዋ 1,240 ዶላር ቢሆንም ለሜዲኬር 185 እየተቆረጠ እጇ የሚገባው 1,055 ነው። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ የምትቆረጠው 185 የፓርት ቢ ወርኃዊ ክፍያ ናት፤ ሜዲኬር የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ሲሆን፣ ፓርት ቢ የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍሉ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን ስቴቱ ይከፍልላቸዋል፤ «ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም» ይባላል። በዓመት 2,220 ዶላር ነው፤ ካላመለከታችሁ ግን ማንም ቤታችሁ ድረስ አያመጣላችሁም።

ደረጃዎች አሉት። የወር ገቢ ለአንድ ሰው እስከ 1,325፣ ለባልና ሚስት እስከ 1,783 ከሆነ «ኪው ኤም ቢ» ይሰጣል። ይሄኛው ከወርኃዊው ክፍያ ሌላ፣ ሜዲኬር ከከፈለው ተርፎ ሐኪም ቤት የሚጠየቁትን የታካሚ ድርሻም ይሸፍናል። ከዚያ በላይ እስከ 1,781 ላለው አንድ ሰው ወርኃዊው ክፍያ ብቻ ይከፈላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሚታየው ከመቆረጡ በፊት ያለው ገቢ ነው። እናታችን የሚለኩት በ1,240 ነው፤ በገቢ በኩል ያልፋሉ። አገር ቤት የሚልኩት ብር ግን አይቀነስላቸውም፤ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ዕቁብ ወጥቶልኝ ባንክ ውስጥ 12,000 ዶላር አለኝ። አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም አለኝ። ይከለክለኛል?

መልስ፦ የብዙ ስቴቶች የገንዘብና የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 9,660፣ ለባልና ሚስት 14,470 ዶላር ነው። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ ሌላ ቦታ ያለ ቤት ግን ሊቆጠር ይችላልና አይደብቁ። ከልጅዎ ጋር የጋራ ሂሳብ ካለ የእሱም ገንዘብ የእርስዎ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል ማስረጃ ያዘጋጁ። ኒው ዮርክና ኮነቲከት የባንክ ገንዘብ ጨርሶ አይጠይቁም። ስለዚህ ስቴትዎን ሳይጠይቁ «አልችልም» ብለው አይቅሩ።

ጥያቄ፦ ስንሞት ቤቱን መንግሥት ይወስደዋል ይባላል።

መልስ፦ ይህ ወሬ ስንቱን አስቀርቷል! ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ወዲህ በዚህ ፕሮግራም የተከፈለ ወጪ ከሟች ንብረት አይጠየቅም። ወሬው የመጣው ከሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ስቴቱ ከሚሰጠው የጤና መድን፣ ነው፤ እዚያ እንደ ነርሲንግ ሆም ያለ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኪው ኤም ቢ ተፈቅዶልን ሳለ ሐኪም ቤቱ 20 በመቶውን ክፈሉ ብሎ ቢል ላከ።

መልስ፦ ሕግ ይከለክለዋል። ልጆች አፍረው ይከፍሉታል፤ አትክፈሉ። ደውላችሁ «ኪው ኤም ቢ ነው» በሉ። እምቢ ካሉ ሜዲኬር ጋ በ1-800-633-4227 ደውሉ።

ጥያቄ፦ አያቴን በግሪን ካርድ ካመጣናት ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ሠርታ አታውቅም።

መልስ፦ የሥራ ክሬዲት (እዚህ ሠርቶና ግብር ከፍሎ የሚጠራቀም ነጥብ) ለሌለው ሰው ሜዲኬር የሚጠይቀው 65 ዓመትና በግሪን ካርድ የተከታተለ የ5 ዓመት ኑሮ ነው። ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። ያኔም ፓርት ኤ (ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ነጻ ስላልሆነ በወር 518 ዶላር ነው፤ ኪው ኤም ቢ ካገኙ ግን እሱንም ይከፍልላቸዋል። ባለቤታቸው እዚህ 10 ዓመት ሠርተው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያንን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥገኝነት አግኝታችሁ ግሪን ካርድ ያላወጣችሁ ደግሞ፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ የሜዲኬርን በር አጥብቦባችኋል። ቀድመው የገቡትም በ2027 መጀመሪያ ላይ ይቋረጥባቸዋል። ግሪን ካርዱን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱስ?

መልስ፦ ከሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም ደረጃዎች አንዱን ያገኘ ሰው «ኤክስትራ ሄልፕ» የተባለው የመድኃኒት ወጪ ድጋፍ ሳያመለክት ይገባለታል። ለአንድ ጀነሪክ (ያለ ኩባንያ ስም የሚሸጥ) መድኃኒት ቢበዛ 4.90፣ የኩባንያ ስም ላለው ውድ መድኃኒት 12.15 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ክረምቱን አገር ቤት ብከርምስ?

መልስ፦ ሜዲኬር እዚያ አይከፍልም ማለት ይቻላል። ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጠውን ወርኃዊ ድጎማ) የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ 30 ቀን ካለፈ ይቆማል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ልጄም ጊዜ የለውም።

መልስ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ጋ በ1-800-772-1213 ይደውሉና «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚው ነጻ ነው። ኤክስትራ ሄልፕን ሲያመለክቱ አልፈልግም ካላሉ ወረቀትዎ ወደ ስቴቱም ይላካል።

ጥያቄ፦ ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራሙ ነበረን፤ ዘንድሮ ሳይነግሩን ተቋረጠ።

መልስ፦ ነግረዋችኋል፤ ፖስታው ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል። በየዓመቱ ማደስ አለ። አንዲት እናት የስቴቱን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሏቸው የዳዊታቸው ገጽ ምልክት አድርገውት አገኘሁ፤ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ሁሉ እሁድ ይዛችሁ ኑ።