የገና ትኩስ ኮኮዋ ጠረጴዛ፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ ለገና 10 ሰው ስለምትጠሪ፣ ሁሉም ኮኮዋውን እንደወደደው የሚያሰናዳበት ጠረጴዛ ማዘጋጀት ፈልገሻል። ዱቄቱ እየጓጎለ እንዳስቸገረሽም ጽፈሻል። ከእሱ ልጀምር፤ ጌጡ ይደርሳል።

የኮኮዋ ዱቄት ቅባት ስላለው ወተት ላይ በቀጥታ ሲበተን ይንሳፈፋል፣ ይጓጉላል። መጀመሪያ ከስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር በደረቁ ቀላቅዪው። ከዚያ ሙቅ ወተት በትንሽ በትንሹ ጠብ እያደረግሽ እንደ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን አሺው። ቀሪውን ወተት የምትጨምሪው ከዚህ በኋላ ነው። ለ1 ሊትር ወተት 5 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋና 4 ስኳር ለእኔ ልክ ነው። ስኳሩን አታብዢው፤ ሰው ከላይ ጣፋጭ ይጨምርበታል። ወተቱን አታፍዪው፤ ጠርዙ ላይ ትናንሽ አረፋ ሲታይ አውጪው።

በፔርሙዝ ብታቀርቢው ይሻላል። ክፍት ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ስልባቦትም ያወጣል። ፔርሙዙን ቀድመሽ በፈላ ውሃ አሙቂው። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ልዩነቷ ግን ትልቅ ነው! ወተት ስለሆነም ሁሉንም አንዴ ከማዘጋጀት እያለቀ ሲሄድ አዲስ ሥሪ።

ከላይ የሚጨመረው ማርሽማሎው (ለስላሳ፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ከረሜላ)፣ የተመታ ክሬም፣ የተፈቀፈቀ ጥቁር ቸኮሌትና ቀረፋ ቢሆን በቂ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ካለሽ ግን በጣም በቀጭኑ ፈቅፍቂበት፤ ከኮኮዋ ጋር ሽታው ልዩ ነው።

ኩባያውን ከአንድ ጫፍ፣ ማንኪያውን ከሌላው ጫፍ አድርጊ፣ ሰው እንዳይጋፋ። ሻማ ካበራሽ ከመቅጃው ራቅ ይበል። ለልጆች ደግሞ ለብ ያለውን በሌላ ማሰሮ ለይተሽ አንቺው ቅጂላቸው። መልካም ገና!