መልስ፦ ዝጎ አልዞር ያለ ሞርሳ

ሞርሳህ (ዕቃ በሁለት መንጋጋ ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ) ዝጎ አልዞር ብሎህ «እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቼ ላዙረው ወይ?» ላልከው፦ አይሆንም። እጀታው ቢጣመም ይቃናል፤ ውስጥ ያለው ዳዶ (ቪቴው፣ ማለትም እጀታው የሚያዞረው ረጅም ብሎን፣ የሚገባበት) ግን በአሮጌ ሞርሳ ላይ ብዙ ጊዜ ጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ተሰባሪ ብረት) ስለሆነ ይሰነጠቃል። ለእሱ ምትክ ማግኘት አበሳ ነው።

1. የመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን (ቀለም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ) እኩል ለእኩል ቀላቅል። ቶሎ ስለሚለያዩ ከማፍሰስህ በፊት በጥብጥ። ቀለሙን ይልጠዋል፤ መቼም እንደገና መቀባትህ አይቀርም።

2. ሞርሳውን ገልብጠህ ቪቴው ዳዶው ውስጥ በሚገባበት በኩል አፍስስ። ጠዋትና ማታ እየደገምክ ሁለት ሦስት ቀን ተወው።

3. የቪቴውን ራስ በነሐስ ወይም በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርግ። ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ንዝረቱ ነው።

4. መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ትንሽ ሞክር፣ ከዚያ ወደሚላላበት። ከተነቃነቀ ወዲያ ወዲህ እያልክ ዘይት ጨምር፤ ቡናማ ጭቃ መትፋት ከጀመረ ለቋል።

ቪቴው እየዞረ መንጋጋው አልወጣ ካለ ግን ዝገት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቪቴውን ከመንጋጋው ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ወይም ፒን ተሰብሮ እንደሆነ እይ።

አሴቶን የነካውን ሞርሳ በእሳት ለማላቀቅ እንዳትሞክር። ይቀጣጠላል፤ ጊዛም አንድ ቦታ ብቻ ሲግል ይሰነጠቃል።