ውኃ በሚተኛበት ሸክላ ሜዳ ላይ ልታሠሩ ላሰባችሁ፦ ስለ አፈር ምርመራው

ከሩቅ ሆናችሁ ቤት ለምታሠሩ ወገኖች ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ ብዙ አልጨነቅም፤ እሱን በየሳምንቱ በሚላክላችሁ ፎቶ ትከታተሉታላችሁ። ፎቶ የማያሳየው ከመሬት በታች ያለውን ነው። በተለይ ቦታው ወንዝ ሲሞላ ውኃ የሚተኛበት ሸክላ ሜዳ ከሆነ፣ "መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ድንጋይ በሉት" ብሎ የሚደውልላችሁን ዘመድ ቃል ለውሳኔ አትጠቀሙበት። ሰውየው አልዋሸም። በበጋ ሄዶ ረግጦ ያየውን ነው የነገራችሁ።

እንዲህ ዓይነቱን ሜዳ የሠራው ወንዙ ራሱ ነው። ሲሞላ አሸዋውን ከአልጋው አጠገብ ይጥላል፣ ሸክላውን ደግሞ ራቅ ብሎ ውኃው በረጋበት ያስቀምጣል። በዘመናት ውስጥ መንገዱን ሲቀይር የተወው አሮጌ አልጋ በጭቃና በበሰበሰ ዕፅዋት ይሞላል፤ ከላይ ሲታይ ግን ከሌላው ሜዳ አይለይም። ስለዚህ የአንድ ቤት ሁለት ማዕዘኖች ፈጽሞ በማይመሳሰል አፈር ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከቁፋሮ በፊት የድሮ ካርታና የአየር ፎቶ መታየት ያለበት፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

ሌላው ነገር ቅርፊቱ ነው። ፀሐይ የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር አድርቆ ያጠነክረዋል፤ ከሥሩ ውኃ የጠገበ ለስላሳ ሸክላ ሊኖር ይችላል። ሁለት ሜትር አስቆፍሮ "አፈሩ ጥሩ ነው" የሚል ሪፖርት የላከላችሁ ሰው የመረመረው ቅርፊቱን ብቻ ነው። የሕንፃ ክብደት ወደ ታች የሚዘልቀው በመሠረቱ ስፋት ልክ ነው። የአውሮፓው ደንብ ዩሮኮድ 7 ለራፍት መሠረት (ከሕንፃው ሥር በሙሉ ለሚነጠፍ አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ) የሚመክረው የምርመራ ጥልቀት ቢያንስ የሕንፃውን አጭር ጎን 1.5 እጥፍ ነው፤ 12 ሜትር ከሆነ 18 ሜትር ማለት ነው።

ሪፖርቱ ሲደርሳችሁ ዓይናችሁ የመሸከም አቅም የሚለው ቁጥር ላይ ያርፋል። በለስላሳ ሸክላ ላይ ግን ሕንፃ ተንዶ ከሚወድቅ ይልቅ ቀስ እያለ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው በልጦ ሲሰምጥ ነው የሚበላሸው። ጥያቄያችሁ እንዲህ ይሁን፦ ስንት ሚሊሜትር ይሰምጣል? በስንት ዓመት? በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ልዩነትስ? ሸክላ የሚሰምጠው በውስጡ ያለው ውኃ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው፤ የሸክላው ውፍረት እጥፍ ከሆነ የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። በመካከሉ ቀጭን የአሸዋ ንጣፍ ካለ ውኃው ቶሎ መውጫ ያገኛል። የቁፋሮ መዝገቡ ላይ እንዲህ ያለችው ትንሽ ማስታወሻ መጻፍ አለመጻፏ ስለ ቆፋሪው ትጋት ብዙ ይነግረኛል።

እነዚህን ጥያቄዎች 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ እየጣሉ፣ በዘንግ ጫፍ ያለውን ቱቦ አፈር ውስጥ ለማስገባት ስንት ምት እንደፈጀ የሚቆጠርበት የኤስፒቲ ሙከራ ብቻውን አይመልስም። ለስላሳ ሸክላ ላይ ቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል፤ አንዳንዴ ዘንጉ በራሱ ክብደት ይሰምጣል። የሚያስፈልገው በቀጭን የብረት ቱቦ ሳይረበሽ የወጣ፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ጫፉ በሰም የታሸገ ናሙና፣ ከዚያም ኦዶሜትር የሚባለው የመጨመቅ ሙከራ ነው። ሸክላው እንደ ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ የእብጠት ግፊቱም ይለካ፤ ቀላል ባለ አንድ ፎቅ ቤትን ከሥር አንስቶ ይሰነጥቀዋልና።

ብዙ ሰው የማያስበው የሙሌቱ ጉዳይ ነው። ጎርፍ እንዳይደርስበት ብለን ግቢውን በሙሌት ከፍ እናደርጋለን። አንድ ሜትር ሙሌት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ቶን ገደማ ይጭናል፤ አንድ ፎቅ በአማካይ የሚጭነው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ሁለት ሜትር ሞልቶ ወዲያው መገንባት ማለት ለስላሳው ሸክላ ላይ አራት ፎቅ ያህል ጭኖ ቤቱን በላዩ መደረብ ነው። ፓይል፣ ማለትም ወደ ጥልቁ ጠንካራ አፈር የሚወርድ ምሰሶ፣ ብታስገቡም አትገላገሉም፤ የሚሰምጠው አፈር ፓይሉን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ የሙሌቱን ከፍታ ለመርማሪው አስቀድማችሁ ንገሩት። ጊዜ ካላችሁ ሙሌቱ ቀድሞ ይሞላና መስመጡ እየተለካ ይቆይ፤ ግንባታው ከዚያ ይጀመር።

ከሩቅ ሆናችሁ መቆጣጠሩን በተመለከተ፣ መርማሪውን ቤቱን የሚሠራው ኮንትራክተር አይቅጠረው፤ እናንተ በቀጥታ ቅጠሩት። የጉድጓዶቹን ቦታና ጥልቀት መሐንዲሳችሁ የቤቱን አቀማመጥ አይቶ ይወስን። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ኮኦርዲኔት (ትክክለኛ ቦታውን በካርታ ላይ የሚያሳዩ ቁጥሮች)፣ የዕለት መዝገቡን፣ የናሙና ቱቦዎቹን ፎቶ መለያ ጽሑፋቸው እንዲነበብ ሆኖ ጠይቁ። "ውኃ አልተገኘም" የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ መቼ እንደተለካ ጠይቁ፤ ሸክላ ውስጥ ውኃው ትክክለኛ ከፍታው ላይ ለመድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ታችኛው ክፍሉ የተበሳ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ዙሪያው በአሸዋ ተሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ ይቀመጥበት። ከዚያ ያ ዘመዳችሁ በየወሩ፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ሜትር አውርዶ የውኃውን ጥልቀት ለክቶ ይላክላችሁ።