የተቆረጠ ሊ-ኤንፊልድ ወደ ቀድሞ መልኩ እንዴት ይመለሳል?

ከኮሎራዶ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አምና ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሊ-ኤንፊልድ የተባለውን የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ ገዛሁ። የፊት እንጨቱ ለአደን እንዲመች ከመሃል ተቆርጧል። ሰደፉም ጫፉ ተቆርጦ የላስቲክ ትራስ ተለጥፎበታል፤ እንጨቱ በሙሉ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተለቅልቋል። አያቴ በ1933 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ የተነሡት ፎቶግራፍ ቤታችን አለ፤ የያዙት ይህንኑ ዓይነት ጠመንጃ ነው። የእኔንም ልክ እንደ እርሳቸው ማድረግ እፈልጋለሁ። ትራሱን አንሥቼ ሰደፉን ልፈታ ብሞክር ብሎኑ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?»

እምቢ ስላለህ አመስግነው። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ የሚታሰረው ከኋላ በሚገባ ረጅም ብሎን ነው። የብሎኑ ጫፍ እንደ ሌላው ብሎን ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። ሰደፉን አልፎ በፊት እንጨቱ ጀርባ ካለች ትንሽ የብረት ሳህን ውስጥ ይሰካል፤ በተኩስ ብዛት በራሱ እንዳይላላ የተዘየደ ነው። የፊት እንጨቱን ሳያወርድ ብሎኑን የሚጠመዝዝ ሰው ያንን አራት ማዕዘን እንጨቱ ውስጥ ያሽከረክረዋል፣ እንጨቱም ይተረተራል። እኔ ገና ለማጅ ሳለሁ ትልቁን ካቻቢቴ ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ተጫንኩት፤ «ቀጭ» አለ። ብሎኑ የለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የደንበኛዬ የፊት እንጨት ከኋላው ጀምሮ አንድ ጣት ያህል ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ካዝናውን አውጣ፣ ማቀባበያውን ስበህ ጥይት ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ የምላጩን መከለያ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትተህ የፊት እንጨቱን ወደ ታች፣ ሳታጣምም፣ እኩል አውርድ። ሰደፉ የመጨረሻ ነው። ስትገጥም ተቃራኒው ይሆናል፤ መጀመሪያ ሰደፉ ይታሰራል፣ የብሎኑ አራት ማዕዘን ቀጥ ብሎ ከሳህኗ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ካየህ በኋላ የፊት እንጨቱ ይከተላል። ከፊተኛው ብሎን ጋር አብራ የምትወጣ የጣት ቀለበት የምታክል የብረት ቱቦ አለች። እንጨቱ ብሎን ሲጠብቅበት እንዳይጨፈለቅ የምትጠብቀው እርሷ ናት። አዳኝ እጅ የገቡ ጠመንጃዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍታ ነው የማገኛት። ከሌለች ግዛ፤ ውድ አይደለችም።

አሁን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ለካልኝ። ማቀባበያውን ዝጋ፣ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት በአፈሙዙ አስገብተህ የማቀባበያው ፊት ላይ እስኪደርስ ግፋው፣ በአፈሙዙ ጫፍ ትይዩ ምልክት አድርገህ አውጣና ለካ። 640 ሚሊ ሜትር ገደማ ካገኘህ ቧንቧው አልተነካም፤ የተቆረጠው እንጨቱ ብቻ ነው፣ እንጨት ደግሞ ይመለሳል። ከዚያ ካነሰ ግን አዳኙ ብረቱንም አሳጥሮታል፤ አፈሙዙን የሚሸፍነው የብረት ቆብ ቦታውን አያገኝም። ያን ጊዜ እንደ አደን ጠመንጃ ተቀብለኸው ኑር እንጂ እንጨት ግዛ አልልህም። ከላይ በኩልም እይ። ለመነጽር ማሰሪያ ብለው አካሉን በስተውት ወይም ጥይት በብረት መያዣ ተደርድሮ ወደ ካዝናው የሚሞላበትን ድልድይ ሞርደው ጥለውት እንደሆነ፣ እርሱም የማይመለስ ጉዳት ነው። አንተ ከላክልኝ ሥዕል እንደማየው ድልድዩ በቦታው አለ፤ የቀረው የቧንቧው ልኬት ነው።

ስለ አያትህ ፎቶግራፍ ልናገር፤ እዚህ ላይ ሳትወድ ትሰማኛለህ። በማጉያ ተመለከትኩት። አጭሩ ደንዳና አፍንጫ በግልጽ የሊ-ኤንፊልድ ነው። ነገር ግን በግራ በኩል፣ የፊት እንጨቱ ጎን ላይ፣ አንድ ክብ ሰሌዳ ይታያል። ያ የጅምላ ተኩስ ማነጣጠሪያ ነው፤ አንድ ጭፍራ ሙሉ በአንድነት ከ1,500 ሜትር በላይ ርቆ ወደሚታይ ሰልፍ እንዲተኩስበት ታስቦ የተሠራ። የአያትህ ጠመንጃ እንግዲህ እንግሊዞች በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቀበሉት ሦስተኛው ሞዴል ሳይሆን አይቀርም። ያንተ ግን አንገቱ ላይ፣ ከዘውዱና ከ«ጂ አር» ፊደላት በታች፣ 1917 የሚል ዓመትና ከሞዴሉ ቁጥር አጠገብ ኮከብ አለበት። ኮከቧ ትንሽ ናት፣ ትርጉሟ ግን ትልቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ፋብሪካዎቹ ፍላጎቱን ማርካት ሲያቅታቸው፣ ጠመንጃው ተቃለለ፤ የጅምላ ተኩስ ማነጣጠሪያው ቀረ፣ ካዝናውን ቆልፎ ጥይት አንድ በአንድ የሚያስጎርሰው ስስ ብረትም ቀረ። ኮከቧ የዚያ ማቃለል ማኅተም ናት።

ክብ ሰሌዳውን ከገበያ ገዝተህ ብትገጥምበት ከፎቶግራፉ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ይህ ጠመንጃ አንድ ቀንም ያልነበረውን መልክ ታለብሰዋለህ። እኔ አላደርገውም፣ አንተም እንድታደርገው አልመክርህም። «የቀድሞ መልኩ» ስንል 1917 ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ማለት ነው። ይህ ጠመንጃ ለአያትህ ጠመንጃ ታናሽ ወንድም ነው፤ ታናሽ ደግሞ የታላቁን ጋቢ ደርቦ ታላቅ አይሆንም።

ወደ እንጨቱ እንመለስ። ሦስት መንገድ አለህ። አዲስ የተሠራ እንጨት መግዛት፣ ያረጀ ሙሉ እንጨት ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም ያለህን መቀጠል። ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ይሮጣል። እኔ ከቆረጣው በስተኋላ ያለው ክፍል ጤነኛ ከሆነ መቀጠሉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ እንጨት ምስጢሩ ከኋላው ነው። ከምላጩ መከለያ በላይ፣ በግራና በቀኝ፣ የተኩሱን ግፊት ከብረቱ የሚቀበሉ ሁለት ጠፍጣፋ ፊቶች አሉ። ብረቱ እነዚያ ላይ እኩል ካልተደገፈ፣ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ እየተጋፋ እንጨቱን ከጀርባው ይሰነጥቀዋል። አዲስ እንጨት ላይ እነዚህን ፊቶች ማስማማት የቀናት ሥራ ነው። ያንተ ግን 1917 ላይ የሠራው ሰው አስማምቶልሃል።

ለመቀጠል ከኋላው የተሰነጠቀና ሰው የጣለውን የፊት እንጨት በርካሽ ፈልግ፤ የምትፈልገው የፊቱን ግማሽ ብቻ ነው። መጋጠሚያውን የማሰሪያ ቀለበቱ፣ ቀበቶ የሚንጠለጠልበት፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርገው፤ ቀለበቱ ይሸፍነዋል። ሁለቱንም ጫፎች ግማሽ በግማሽ ቀንሰህ እንዲደራረቡ አድርግ፣ መሃል ላይ የእንጨት ችንካር ስካ፣ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚሠራ ጠንካራ ሙጫ አጣብቅ። ሙጫው እስኪደርቅ ብረቱን በሰም ቀብተህ ቦታው ላይ አስቀምጠው፤ አለበለዚያ የሚያያይዘው እንጨቱን ከእንጨቱ ብቻ አይሆንም። የዎልነት እንጨት ከሆነ ዎልነት፣ ቢች ከሆነ ቢች ፈልግ። ዋልካ ከነጭ አፈር እንደማይገጥም ሁሉ የሁለት ዓይነት እንጨት ጅማት በዘይት ሲነካ ይጋለጣል።

ድጋፉን ለመፈተሽ ውድ ቀለም አያስፈልግህም። ሻማ አብርተህ በጥቀርሻው የብረቱን ማረፊያ አጥቁረው፣ እንጨቱን ግጠም፣ አጥብቅ፣ ፍታ። ጥቁር ነጥብ በሁለቱም ጎን እኩል ካየህ ጨርሰሃል። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ባልነካው በኩል ስስ ጠንካራ እንጨት ለጥፈህ በሞረድ ቀስ እያልክ አስማማው። እኔ ይህን ሥራ አንዳንዴ ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የምጨርሰው። ቡናዬ ይቀዘቅዛል፣ ግድ የለኝም።

ሰደፉን ግን አትቀጥለው። ጫፉ ስለተቆረጠ የናሱ ሳህን አይገጥምም፤ ሌላ ፈልግ። እንግሊዞች ሰደፉን በተለያየ ቁመት ይሠሩት ነበር፤ አጭሩና ረጅሙ ከመደበኛው በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳሉ ወይም ይበልጣሉ፣ ላዩ ላይ በፊደል ይመታል። ከክንድህ የሚስማማውን ብትመርጥ ታሪኩን አትበድልም፤ ወታደሩም እንደ ክንዱ ርዝመት ነበር የሚሰጠው።

ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት አትፋቀው። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አትፋቀው። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ይላል፣ የመርማሪዎቹ ማኅተም ይጠፋል፣ ጠርዙ ሁሉ እንደ ሳሙና ይድቦለቦላል። ቀለም ማስለቀቂያ ቀብተህ በጨርቅና በጥርስ ብሩሽ አንሣው። የተጨፈለቀ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ትኩስ ካውያ ንካው፤ እንፋሎቱ የተጨቆነውን ጅማት ወደ ላይ ያነሣዋል። ሁሉም ጠባሳ ግን መነሣት የለበትም፤ የጦር ሜዳውን ተወው፣ የጋራዡን አንሣ።

ከዚያ የተልባ ዘይት። የእንግሊዝ ጦር ይቀባ የነበረው ያልተፈላውን ጥሬ የተልባ ዘይት ነው እንጂ ቫርኒሽ አያውቅም ነበር። በመዳፍህ ጥቂት ጥቂት እያልክ እሸው፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ቀናት ጠብቅ፣ ድገም። ጥሬው ዘይት ሲደርቅ ይዘገያል፤ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብለህ ተሎ ለመጨረስ አንድ ጊዜ ብታፈስበት ለወራት እጅ ላይ የሚጣበቅ እንጨት ታተርፋለህ። የጠረግህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ቅርጫት ውስጥ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ ስቀለው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

የማቀባበያው እጀታ ላይ ያለው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር ካልተመሳሰለ፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሠሪ በመለኪያ ሳያየው ጥይት እንዳታጎርሰው። ማቀባበያው ለአካሉ ተስማምቶ የተሠራ ነው፤ የሌላ ጠመንጃ ከሆነ በቀለሁና በማቀባበያው ፊት መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል። አገር ቤት ሆነው የሚያነቡም፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑን አይርሱ።

መጨረሻ ላይ ቆቡን ትገጥማለህ። ከመግጠምህ በፊት በፊት እንጨቱ ጫፍ ላይ ባለው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ስፕሪንግና በላዩ የሚቀመጥ ችንካር መኖሩን እይ፤ ቧንቧውን ከታች ቀስ ብሎ የሚገፋው እርሱ ነው። የቀጠልከው እንጨት ላይ ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቆቡ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት። ከተጨናነቀ መዶሻ አታንሣ፤ የቀጠልከው ቦታ ትንሽ ጎብጧል ማለት ነውና የጥቀርሻውን ፈተና እዚያም ድገመው። የ1907ቱን ሣንጃ የሚያውስህ ሰው ካገኘህ ስካው፤ ያለ ጭቅጭቅ ገብቶ ከቆለፈ ቆቡ ቀጥ ብሏል። ያንን የቧንቧውን ልኬት ደግሞ ላክልኝ።