«እንዲህ ያለ ብር ኖሮ አያውቅም» ማለት የማያድንበት ጊዜ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠገራ ብር እሰበስባለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውጭ አገር ባለ አንድ የግል ሳንቲም ማተሚያ፣ የአፄ ቴዎድሮስ መልክ፣ ‹አንድ ብር› የሚል ጽሑፍና 1857 የሚል ዓመት ያለበት የንጹሕ ሲልቨር ሳንቲም እያስቀረጽኩ እሸጣለሁ። በጀርባው እንደ ምኒልክ ብር አንበሳ አለው። የ1923ቱን የዘውድ በዓል ሜዳሊያም ከድሮው አስመስዬ አሠርቻለሁ። አፄ ቴዎድሮስ የራሳቸውን ሳንቲም ስላላሳተሙ የእኔ የማንም ቅጂ አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ፋንታሲ የሚሉት ነው። ኢቤይ ላይም በእንግሊዝኛ ፋንታሲ ብዬ ጽፌያለሁ። ሜዳሊያው ደግሞ ገንዘብ አይደለም። አንድ ገዢ ‹ሕገወጥ ነው› ብሎ ቢከራከረኝ ምን ልመልስለት? ክረምት ላይ ጥቂት ይዤ አዲስ አበባ ብሄድስ ችግር አለው?»

መልስ፦ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ጠገራ መሰብሰብ፣ መግዛትና መሸጥ በአሜሪካ ሕግ ምንም ክልከላ የለበትም። በግል ማተሚያ ሜዳሊያ ማስቀረጽም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ይህንኑ በአደባባይ የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ከፌዴራል የወንጀል ሕጉ ግን ሁለት ድንጋጌዎችን ይወቁ። ቁጥር 486 ከብረት የተሠራ ሳንቲም፣ ንድፉ የራስ ፈጠራ ቢሆን እንኳ፣ እንደ መገበያያ ገንዘብ እንዲያገለግል አስቦ ማሰራጨትን እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። «ሊበርቲ ዶላር» የሚባለውን የሲልቨር ሳንቲም ያሰራጭ የነበረው በርናርድ ፎን ኖትሃውስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጥፋተኛ ከተባለባቸው ድንጋጌዎች አንዱ ይኸው ነው። እርስዎ «በዚህ ተገበያዩ» ስለማይሉ ከዚህኛው ሩቅ ነዎት። ቁጥር 489 ግን ይቀርብዎታል። በንድፉ፣ በቀለሙ ወይም በጽሑፉ የአሜሪካን ወይም የሌላ አገር መንግሥት ገንዘብ አድርጎ ያወጣውን ሳንቲም የሚመስል ነገር ያለ ፈቃድ መሥራትን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ለሽያጭ መያዝን በገንዘብ ያስቀጣል። የምኒልክ ብር መንግሥት ያወጣው ገንዘብ ነበር፤ የእርስዎ ሳንቲም በጀርባው የእርሱን አንበሳ ይዟል።

አሁን ብዙዎች ወደሚወድቁበት ጉድጓድ እንምጣ። ደብዳቤዎ በሙሉ የቆመው «እንዲህ ያለ ሳንቲም ኖሮ ስለማያውቅ ቅጂ ሊባል አይችልም» በሚል አንድ ክርክር ላይ ነው። በአመክንዮ ደረጃ ያምራል። ለሕጉ ግን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣና የሰብሳቢዎችን ገበያ ለመጠበቅ የታሰበ የፌዴራል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ አስመስሎ የተሠራ የሚባለው የእውነተኛ ሳንቲም ቅጂ ብቻ አይደለም፤ የድሮ እውነተኛ ሳንቲም ሳይሆን ነኝ የሚልም ነገር እዚያው ይገባል። የእርስዎን ሳንቲም ታሪኩን የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጡት። የንጉሥ መልክ፣ የገንዘብ መጠን፣ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዓመተ ምሕረት፣ የታወቀው አንበሳ። ምን ነኝ የሚል ይመስልዎታል? እርስዎ አፄ ቴዎድሮስ ሳንቲም እንዳላሳተሙ፣ በዘመናቸው ገበያው በማርያ ቴሬዛ ጠገራና በአሞሌ ጨው ይንቀሳቀስ እንደነበር ያውቃሉ። የሚገዛዎት ሰው ግን አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚገዛውም ባለማወቁ ነው።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑም ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ ኩባንያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮ ቀሪውን ከእውነተኛው ጋር ማመሳሰል ምልክት ከማድረግ ግዴታ ነፃ እንደማያወጣ ወስኗል፤ ምክንያቱም ገዢው ከእውነተኛው ጋር ሊያምታታው ይችላል። በእርግጥ ያ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ የእርስዎ የፊት ገጽ ፈጠራ ነው። ጎበዝ ጠበቃ በዚህ ልዩነት ላይ ሊከራከርልዎት ይችላል። እኔ ግን ደንበኛዬን በዚያ ክርክር ላይ አስደግፌ ንግድ እንዲቀጥል አልመክረውም።

ግዴታው ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ፊደል «ኮፒ» የሚለው ቃል በሳንቲሙ ፊት ወይም ጀርባ ላይ፣ ወደ ውስጥ ተቀርጾ፣ ግልጽና የማይጠፋ ሆኖ መገኘት አለበት። ደንቡ መጠኑን ሳይቀር ይወስናል፤ መነሻው ወርዱ 6 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 2 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለአነስተኛ ሳንቲሞች ከዲያሜትሩ ጋር የሚሰላ አማራጭ አለ። በአማርኛ «ቅጂ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በሳጥኑ ላይ መለጠፍ አይበቃም። ከሳንቲሙ ጋር የምስክር ወረቀት መስጠት አይበቃም። ኢቤይ ላይ «ፋንታሲ» ብሎ መጻፍም አይበቃም። ደንበኞቼ ሁሉ የሚከራከሩኝ እዚህ ላይ ነው፤ «ለገዢው ነግሬዋለሁ እኮ!» ይላሉ። ይንገሩት፤ ጥሩ ነው። ሕጉ የሚያስበው ግን ስለ መጀመሪያው ገዢ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ይጣላል፣ ማስታወቂያው ይሰረዛል፣ ሳንቲሙ ለልጅ ይወረሳል፣ ልጁ ይሸጠዋል። ሦስተኛው ገዢ እጅ ሲደርስ የእርስዎ ማብራሪያ የለም፤ ያለው ብረቱ ላይ የተቀረጸው ብቻ ነው።

«እኔ ሻጭ እንጂ አምራች አይደለሁም» እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አስመጪው ተጠያቂ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አስመጪ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ማሻሻያ ሻጩንና እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ከፍተኛ እገዛ ያደረገለትን ሰው ሁሉ ጨምሯል። ተጎዳሁ የሚል ገዢ ራሱ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።

ሰብሳቢ ስለሆኑ የሚያነሱብኝን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «ማርያ ቴሬዛም 1780 ተጽፎበት ቪየና ውስጥ ዛሬም ይታተም የለም ወይ?» እውነት ነው። ደንቡ ግን አንድ መንግሥት የራሱን ሳንቲም እንደገና ሲያትም ነፃ አድርጎታል። ያ ነፃነት ለግል ማተሚያ አልተሰጠም። ትናንት የታተመን ጠገራ «የዓድዋ ዘመን ነው» ብሎ የሚሸጥም ቢሆን ከማታለል ክስ አያመልጥም።

ሜዳሊያውን በተመለከተ መከራከሪያዎ ከሳንቲሙም የደከመ ነው። ሕጉ «ገንዘብ» ላይ አይቆምም፤ ሳንቲምን፣ የወረቀት ገንዘብን፣ ሰውን ወይም ክስተትን ለማስታወስ የተሠራ ሜዳሊያንም በስም ጠርቶ ያካትታል። የ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሜዳሊያ በእውነት ነበረ። እርስዎም በገዛ ቃልዎ «ከድሮው አስመስዬ» ብለዋል። እዚህ ላይ ፋንታሲ የሚባል መከለያ እንኳ የለም፤ ግልጽ ቅጂ ነው።

ያልነገሩኝ ነገር ደግሞ አለ። ከደብዳቤዎ ግርጌ የቴሌግራም ገጽዎን አስቀምጠዋል፤ ከፍቼ አየሁት። በእንግሊዝኛ «ፋንታሲ» የተባለው ሳንቲም እዚያ በአማርኛ «ከመቅደላ ዘመን የተረፈ፣ እጅግ ብርቅ» ሆኗል። ዋጋውም ከያዘው ሲልቨር ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ፎቶው ላይ አዲስ ሳንቲም ሊኖረው የማይገባ ጥቁረት አያለሁ፤ በኬሚካል የጠቆረ ይመስላል፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ወንድሜ፣ ነገሩ ከምልክት ጥያቄ ያለፈው እዚህ ላይ ነው። በስልክና በኢንተርኔት የሐሰት ቃል እየተናገሩ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ የማጭበርበር ወንጀል ሲሆን፣ ጣሪያው 20 ዓመት እስራት ነው። ማንም ሰው በዚህ ሳንቲም ምክንያት 20 ዓመት ይታሰራል እያልኩ አይደለም፤ ለማስፈራራት አልጻፍኩም። ግን «በአማርኛ ስለሆነ ማን ያነበዋል?» የሚል ሐሳብ ካለዎት ዛሬውኑ ይተዉት። በመጀመሪያ የሚያነበው የራስዎ ገዢ ነው፤ ከዚያ አስተርጓሚ አለ።

«ቢከራከረኝ» ያሉትንም ደጋግሜ አነበብኩት። እንደሚመስለኝ ተከራክሮዎታል። ምናልባትም ገንዘቡን ጠይቋል፤ ወይም ወደ ሳንቲም ነጋዴ ወስዶ አስመርምሮታል። ከሆነ ጠበቃ ማነጋገር ያለብዎት ክስ ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ ነው። እኔ ከዚህ ገጽ ሆኜ ልወክልዎ አልችልም፤ ይህ ጽሑፍም የእኔ ደንበኛ አያደርግዎትም። በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው፣ የሸማቾች ሕግና የፌዴራል ወንጀል ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ይፈልጉ።

ጠበቃ እስኪያገኙ ድረስ ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ምንም እንዳያጠፉ ነው። የቴሌግራሙን ጽሑፍ ሰርዘው፣ ፎቶውን አውርደው፣ ከገዢው ጋር የተለዋወጡትን መልእክት አጥፍተው ነገሩን ንጹሕ ለማድረግ ይቃጣዎታል፤ ሰው ሁሉ ይቃጣዋል። የፌዴራል ምርመራን ለማደናቀፍ ብሎ፣ ገና ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀውንም ቢሆን፣ መዝገብ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ጥፋት የከፋ ሆኖ ይገኛል። ሽያጩን ያቁሙ፣ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ማስታወቂያው መቼና እንዴት እንደሚነሳ ጠበቃዎ ይወስን። በእጅዎ ያሉትንም ሳንቲሞች ወደ አንጥረኛ ወስደው በራስዎ «ኮፒ» አያስመቱባቸው። ምልክት ማድረጉ ወደፊት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያለፈውን ሽያጭ ግን አያድንም፣ ጥቂቱ ደግሞ እንዳለ ሆኖ ለማስረጃ መቆየት ሊኖርበት ይችላል።

ሌላም ያላገኘሁት ወረቀት አለ፤ ዕቃው የገባበት የጉምሩክ ሰነድ። ማተሚያው ፓኬጁ ላይ «ስጦታ» ወይም «ናሙና» ብሎ ጽፎ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይልክልዎት ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ምልክት የሌለበት ዕቃ ለንግድ ከገባ ሊወረስ ይችላል፤ የተዛባ ዋጋ ደግሞ የራሱ ቅጣት አለው።

ንግዱን መቀጠል ከፈለጉ ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ንድፉን ግን እንደገና ይጠይቃል። «አንድ ብር» የሚለውን ያውጡ፤ የድሮውን ዓመት ትተው የተቀረጸበትን ዓመት ያስገቡ፤ አንበሳውን የራስዎ ያድርጉት፤ የማተሚያውን ወይም የራስዎን ስም ይጻፉበት። ንጽሕናውን የሚናገር ምልክት ካለበት እውነት መሆን አለበት፤ ያስመርምሩት። የቴዎድሮስ መልክ በሜዳሊያ ላይ ማንንም አያስቆጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢትዮጵያ ራሷ በአምስት ብር የሲልቨር መታሰቢያ ሳንቲም ላይ አውጥታዋለች። ይህ ግን ያ ሳንቲም ይቀዳ ማለት አይደለም። አዲሱን ንድፍ ወደ ማተሚያው ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ይየው፤ ለአንድ ሰዓት የሚከፍሉት ከአንድ ሻጋታ ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ስለ ግብሩ የሂሳብ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ በየጊዜው እያስቀረጸ የሚሸጥ ሰው እንደ ሰብሳቢ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ነው የሚታየው።

ስለ አዲስ አበባው ጉዞ፦ አይውሰዱ። በኢትዮጵያ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው፤ «አንድ ብር» የሚል የሲልቨር ሳንቲም በርከት አድርጎ የያዘ መንገደኛ ደግሞ ለጉምሩክ ብዙ ማስረዳት ይኖርበታል። ሲመለሱ ያለው ይብሳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ጠቁሮ የድሮ የመሰለ ሳንቲም ሻንጣዎ ውስጥ ከተገኘ ተመርምሮ እስኪለይ ድረስ ሊያዝብዎ ይችላል። በአንደኛው አገር «የመቅደላ ዘመን ነው» እያሉ፣ በሌላው አገር ኤርፖርት «አዲስ ነው» ማለትም ቃልዎን በሁለቱም በኩል ያሳጣዎታል። በእጅዎ ያሉትን እውነተኛ ጠገራዎችም ቢሆን፣ ከኢትዮጵያ ለማውጣት ከማሰብዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ እነዚህን ይዘው ይሂዱ፦ ከማተሚያው ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ፣ ደረሰኞችን፣ የጉምሩክና የፖስታ ወረቀቶችን፣ የኢቤይንና የቴሌግራምን ማስታወቂያዎች ቀናቸው እንደሚታይ ሆነው፣ የገዢዎችን ዝርዝር ከከፈሉት ዋጋ ጋር፣ ምልክት የሌለበት አንድ ሳንቲምና አንድ ሜዳሊያ። ከገዢው የደረሰዎት መልእክት ካለ ከሁሉ በላይ ያድርጉት። ገንዘቡን መመለስ ምናልባት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ግን በምን ቃል ተጽፎ እንደሚመለስ ጠበቃዎ ሳያየው አይላኩ፤ በስልክም አይደራደሩ።